አባዬና የሮቢቱ ስክሪን

ሰኞ

ሰው በማውዝ እንዴት ነው የሚስለው? ከጠዋት ጀምሮ የአንዲት ፍየል አፍንጫ ላይ ነኝ። ድንች መስላለች።

አዲስ አበባ ያለ የልጆች መጽሐፍ አዘጋጅ የሙከራ ሥራ ልኮልኛል። አንድ ገጽ ነው፤ ፍየልና ግመል ሲጨቃጨቁ። እስከ ዓርብ ማታ ላኪ ብሏል። ከወደደው ሙሉውን መጽሐፍ ይሰጠኛል። ከተመረቅኩ ወዲህ የመጣልኝ ሥራ ይሄ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ስዬ ፎቶ ባነሳውስ? ብለው፣ አይሆንም፣ ኮምፒውተር ላይ ነው የምፈልገው አለ።

ስለዚህ የስዕል ታብሌት ያስፈልገኛል፤ በብዕር የሚሳልበት። እዚህ ቆቦ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ታብሌት አገኘሁ፤ ስክሪን የሌለው፣ ጥቁር ሰሌዳ። እጄ ሰሌዳው ላይ፣ ዓይኔ ላፕቶፑ ላይ። ሞከርኩት። የሌላ ሰው እጅ የተተከለልኝ መሰለኝ።

"ባለስክሪኑ የለህም?"

"እሱ እኮ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ በሻማ ልትስይ ነው?" ብሎ ሳቀ። ለራሱ ቀልድ ራሱ የሚስቅ ሰው አልወድም። እዚያ ሱቅ ሁለተኛ አልገባም።

ማክሰኞ

ተገኘ! ሮቢት ከተማ ያለ ኑሩ የሚባል ልጅ ያገለገለ ባለስክሪን ለሽያጭ ቴሌግራም ላይ አውጥቷል። የምፈልገውን ሁሉ ጠየቅኩት። ስክሪኑ እጄን አሳርፌ የምስልበት ነው? ጫን ስል መስመሩ ይወፍራል? ብዕሩ ባትሪ አይጠይቅም? ኬብሉ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል? አዎ። አዎ። አዎ። አዎ። ሌላ ቃል የለውም። ለምን ትሸጠዋለህ ስለው ግን ዝም።

ክፉ ዜና፦ አባዬ ሰማ። አባዬ ቆቦ ከብት ገበያ የበሬ ደላላ ነው።

"ጠምደሽ ሳታዪው ልትገዢ?"

"አባዬ፣ ዕቃ ነው እንጂ በሬ አይደለም።"

"ያገለገለ ነው አላልሽም? ያገለገለ ሁሉ በሬ ነው።"

አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። አትሄድም አልኩ። ሌሊት ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል።

ረቡዕ

አልቀየረም። ምነው እግሬን በሰበረው።

በሚኒባስ ሮቢት ወረድን። ኑሩ የእናቱ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተቀበለን። ታብሌቱን ከንጹሕ ፎጣ ፈትቶ አወጣና ላፕቶፔ ላይ ሰካው። በራ። ብዕሩን ሰጠኝ። መስመሩ ልክ ብዕሩ ካረፈበት ቦታ ወጣ! ያቺን አፍንጫ በአንድ ትንፋሽ ሳልኳት። ደስታዬ እንዳይታወቅ አንገቴን ደፋሁ፤ ገበያ ላይ ፊትሽን ደብቂ ያለኝ አባዬ ራሱ ነው።

ከዚያ አባዬ ጀመረ። የከብት ገበያ ልማድ ነው፤ ገዢ በሬውን ያንቋሽሻል፣ ሻጭ የባሰ ስድብ ይመልሳል፣ ተሳስቀው ይዋዋላሉ።

"ይሄ ነው እንዴ? ጠርዙ ተልጧል። ያረጀ ነው። ምን የረባ ነገር ተሠርቶበት ያውቃል?"

ኑሩ ስክሪኑን በፎጣው ጠረገ። ስድብ የማይመልስ ሻጭ ለአባዬ እንግዳ ነው፤ ባሰበት።

"በነፃ ብትሰጠን እንኳ ለተሸካሚ ትከፍለናለህ።"

ኑሩ ኬብሉን ነቀለ። "አባባ፣ ወላሂ አልሸጥም። ለአንቱም፣ ለሷም።"

"ኧረ ጨዋታ ነው፣ ልጄ።"

"ለኔ ጨዋታ አይደለም።" ታብሌቱን መልሶ በፎጣው ጠቀለለው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ "ከበሬ ጋር ስትውል ሰው ማናገር ጠፋህ" አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ሐሙስ

እንደተኳረፍን ነው። ቁርስ ላይ አባዬ ግድግዳውን እያየ፣ "በሬው ሲሰደብ የሚከፋው ሰው፣ በሬውን መሸጥ አይፈልግም" አለ።

"ይሄን እያወቅክ ለምን ሰደብክበት?"

"ሲከፋው ነው ያወቅኩት።"

ይቅርታ መሆኑ ነው። ይቅርታ እንደዚህ ከሆነ ይቅርብኝ። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ።

ቃሉ ግን ተከተለኝ። የኑሩን የቴሌግራም ገጽ ወደ ኋላ እየሄድኩ አየሁት። ስዕሎች። የሮቢት አውቶቡሶች፣ እናቱ ሱቁ ደፍ ላይ፣ ከአፋር በኩል የሚመጡ ግመሎች፣ አሁንም ግመሎች። ከኔ ይበልጣል። ለትንሽ ጊዜ ጠላሁት። የመጨረሻው ግመል እግር የለውም፤ እዚያ ላይ አቁሟል። ለሽያጭ የወጣ ዕቃ እንደዚያ በንጹሕ ፎጣ ይጠቀለላል? ያኔ ሳየው ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ነገ ዓርብ ነው። ጥቁሩን ሰሌዳ ብገዛ፣ እጄ እስኪለምደው ቀኑ ያልፋል። የዚያ ባለሱቅ ሳቅም አለ። ግመልም አይሆንልኝም፤ የሳልኩት ሁሉ አንገቱ የረዘመ አህያ ነው።

ለኑሩ ይሄን ላክሁ፦

"አባቴ የተናገረው የገበያ ስድብ ነበር። ስድብነቱ ግን አይቀርም። ስክሪንህን አትሽጥልኝ። ግመሎችህን አይቻለሁ። ለአንድ የልጆች መጽሐፍ አዘጋጅ ነገ ማታ የምልከው የፍየልና የግመል ስዕል አለኝ። ነገ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ልምጣ፤ በስክሪንህ እኔ ፍየሏን፣ አንተ ግመሉን እንሳል። ሁለታችን ስማችንን ጽፈን እንላክ፤ ካልተቀበሉንም ሁለታችንን ነው። አባቴን አላመጣውም። እባክህ መልስልኝ። እንደ ልማድህ 'አዎ' ብቻ ብትለኝ ይበቃል።"