ዘጠኝ ምስጋና በሁለት ደቂቃ

ለተከበሩ ሴናተር ጁዲት ሆልገርሰን
የግዛታችን ምክር ቤት የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክብርት ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎን ከነመላው ኮሚቴዎ በሙሉ ጤንነት እንድታገኛችሁ፣ የአዳራሻችሁም ማሞቂያ ይህን ብርድ ሳይበላሽ እንዲያሳልፍላችሁ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ጤና አይጨነቁ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ስለሆነ ነገሩ ብዙ አይቆይም።

ያስታውሱን እንደሆነ፣ ባለፈው የካቲት ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ከፊትዎ የቆመችው ልጄ ጆሊን ናት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዳውን ሲንድረም አለባት። የልብሷን ቁልፍ የሚቆልፍላት፣ ምድጃው መጥፋቱን የሚያይላት ሰው ያስፈልጋታል፤ እስከ ዛሬ ያ ሰው እኔ ነኝ። የመጣነውም እንደ እሷ ላሉ ሰዎች ወላጅ በሕይወት ሳለ ረዳት ይመደብ የሚለውን ረቂቅ ሕግ ልንደግፍ ነበር። ስለ አቀባበላችሁ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ተስፋችሁ። ጆሊንን ለረዳት አገልግሎት ያስመዘገብናት ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ አርቪድ በሕይወት ሳለ ነው፤ ተራ መጠበቅ ከጀመረች ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆናት። በየዓመቱ ቢሮአችሁ ሕመሙ አሁንም እንዳለ በሐኪም አስመስክሩ የሚል ቅጽ ይልክልናል። እኛ ወላጆቿ እንኳ ይለቃታል ብለን ተስፋ አድርገን አናውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅንነታችሁ። ተራዋ መቼ እንደሚደርስ በስልክ ብጠይቅ፣ ሠራተኛችሁ በለሰለሰ ድምፅ «እርስዎ ካረፉማ ድንገተኛ ጉዳይ ይሆናል እማማ፤ ያኔ ወዲያው ከፊት ትሰለፋለች» አለችኝ። ሞቴ ለሰው ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና አመስግኛት ስልኩን ዘጋሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መብራታችሁ። ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ቀዩ ሲበራ ንግግሩ ያበቃል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኛ ከተማ ሰው የደጅህን በረዶ ከጠረገልህ፣ መጀመሪያ ሳታመሰግነው ሌላ ነገር አትለምነውም፤ ጆሊንንም ያሳደግኳት በዚሁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ የዘጠኛችሁንም ስም አጠናች። ያን ዕለት እያንዳንዳችሁን በስም እየጠራች፣ ስለ መጣችሁ፣ ስለ ተቀመጣችሁ፣ ስላዳመጣችሁ አመሰገነች። የእርስዎን ስም ስለተሳሳተች ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ጠራችው። ዘጠነኛው ሰው ላይ ስትደርስ መብራቱ ቀላ።

እርስዎም ፈገግ ብለው «እናመሰግናለን ጆሊን። ቀጣይ» አሉ። ንግግሯን የጻፈችበትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጎበዝ ነበርኩ?» አለችኝ። ጎበዝ ነበርሽ አልኳት። ክብርት ሆይ፣ ልቤ እዚያ ወንበር ላይ ተሰበረ፤ መጀመሪያ ለምኚ ብዬ ባስተማርኳት ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ጸሐፊያችሁ ትጋት ነው። ረቂቁ ለተጨማሪ ጥናት መመለሱን የሚገልጸው ቃለ ጉባኤ ደርሶኝ አነበብኩት። የጆሊን ስም «በነባሩ አገልግሎት ረክተው ምስጋና ያቀረቡ» ከሚለው ርዕስ ሥር ሰፍሯል። በዚያ ርዕስ ሥር ከእሷ በቀር ማንም የለም።

ጉዳዬ ድንገተኛ እስኪሆን ድረስ ታዛዥና አክባሪዎ ሆና የምትቆይ፣

ቨርና ሊንድኩዊስት
የጆሊን እናት

ማሳሰቢያ፦ በታጠፈው ወረቀት ላይ ሳይነበብ የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በራሷ እጅ የጻፈችውን እንዳለ ገልብጬዋለሁ። «እባካችሁ እማዬ ሳትሞት አንድ ሰው ላኩልን፤ ስትሞት ብቻዬን እንዳላገኛት።» በወጥ ቤቱ ሰዓት ለክቼዋለሁ፤ ጆሊን ቀስ ብላ ስታነበው ዘጠኝ ሴኮንድ ይፈጅባታል።