ለሦስት ሐፊር አንድ ቁጥር ስላወጣችው የሒሳብ መኪና

በሽንፋ ለሚገኘው የውሃ ሥራ ልኬት ቤት ሹም፣
ለክቡርነትዎ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የግንቦት ወበቅ እንዳላወከዎት፣ ወባም ደጅዎን ረግጣ እንዳላየች ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሽር ኢሳ፣ ሐፊር፣ ማለትም የክረምት ውሃ የሚጠራቀምበትን ኩሬ፣ ስቆፍር ሃያ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳፈር ሳይሆን፣ በእጅ የሰጠኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ሳይታመሙ እንዳልቀሩ ስለጠረጠርኩ ነው።

እንደሚያውቁት የሦስቱ መንደሮች፣ የሽንፋ፣ የሸሕዲና የገንዳ ውሃ፣ ሐፊር ቆፋሪዎች ከመቆፈራችን በፊት አንድ ቦታ ተሰብስበን የሐፊሩን ትንሽ አምሳያ በጭቃ እንሠራ ነበር፤ የጭቃው አንድ ጣት ለመሬቱ አንድ ክንድ። ሲደርቅ ሰሊጥ ሞልተን በጣሳ እየሰፈርን ስንት አፈር እንደሚወጣ እናውቃለን፤ ከዚያም ውሃ አፍስሰን ግድቡ በየት በኩል እንደሚደክም እናያለን። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይስቅበታል፣ ስህተቱም እዚያው ይቀራል። ክቡርነትዎ ይህን የጭቃ ጨዋታ ከልክለው፣ ለሦስታችንም የምታገለግል አንዲት የሒሳብ መኪና ከኢጣልያ አገር ስላስመጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ጥቂት ነገሮች ይከነክኑኛል።

፩ኛ፤ መኪናዋ የጋራ ናት ተብሏል። እውነት ነው፣ ሦስታችንም በጋራ አላየናትም። በልኬት ቤቱ መስኮት አጮልቄ እንዳየሁት የሣጥኗን ክዳን ምስጥ አፈር አልብሶታል። ክዳኗ ሳይከፈት የምታሰላ መኪና ማግኘትዎ እጅግ ያስደንቃል።

፪ኛ፤ መኪናዋ ታንብባቸው ተብሎ የጭቃ ሐፊሮቻችንን እንድናመጣ ስንታዘዝ፣ እኛ ሞኞቹ በጭድ ጠቅልለን አመጣን። የሸሕዲው ክብ፣ የገንዳ ውሃው ረጅም፣ የእኛ ደግሞ አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ ነበር። ጸሐፊዎ ሦስቱንም በአንድ ጆንያ ከተታቸውና ስብርባሪ ሆኑ። ለሦስቱም የወጣው ቁጥር አንድ ነው፤ የግድቡ ከፍታ ስምንት ክንድ፣ ውፍረቱ አራት።

፫ኛ፤ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። በዚያ ቁጥር፣ በትእዛዝዎ፣ በገዛ እጄ የደለደልኩት ግድብ ከእናቴ ከመስቱራ ቤት በላይ ቆሟል። እናቴ አልጋ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ውሃ ቢመጣ አትሮጥም። የጭቃውን ሥራ ያስተማሩን ሼህ ጀይሉና እኔ ተደብቀን ዳግመኛ ሠርተን ውሃ ብናፈስበት፣ ሦስቱንም ጊዜ በቤቶቹ በኩል ተናደ። ያንን ለክቡርነትዎ ብናሳይ ጭቃው ተወረሰ፣ ሽማግሌው ሦስት ቀን ታሰሩ። ጭቃ ይህን ያህል የሚያስፈራዎት ለምን ይሆን? እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ መፍራቴንም አልደብቅም።

ዝናቡ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሣጥኗ በሕዝብ ፊት ትከፈትልን፣ ካልሆነም ጭቃችን ይመለስልንና ግድቡን እናጠንክረው።

ለጥበብዎ እጅ እየነሳሁ፣ በኪስዎ ላለው የሣጥኗ ቁልፍ ረጅም ዕድሜ የምመኝ ትሑት ቆፋሪዎ፣
በሽር ኢሳ
ሽንፋ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፤ ባለፈው ሐሙስ ከግድቡ ሥር ካለው ቤትዎ አልጋዎንም ዶሮዎችዎንም አስጭነው ወደ ኮረብታው ስለተዛወሩ እንኳን ደስ ያለዎት። መኪናዋ ለክቡርነትዎ የነገረችውን ለእናቴ ለመንገር ጊዜ ያጠራት ይመስላል። ኮረብታው ላይ ለአንድ አልጋ የሚሆን ቦታ ከተረፈ ያስታውቁኝ፤ እናቴን በጀርባዬ አዝዬ እመጣለሁ።