ሐረገ ወይን ዘንድ ያለው የእናትህ ቃል

ውድ ልጄ ማቴዎስ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከነደንቆሮ ጆሮዬ አለሁ። አባ አዳነ «እኔ ልጻፍልህ» ቢሉኝ እምቢ ብያለሁ። ዳዊት የደገምኩበት ፊደል ይበቃኛል።

እናትህ ሰብለ ታማ አልጋ ላይ ሳለች ያን ድምፅ የሚያጎላልኝን የስልክ ፕሮግራም ሠርተህ ከባሕር ዳር አመጣህልኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ከተህ «አባዬ፣ ይሰማል?» አልከኝ። የወፍጮው ድምፅ ሳይቀር ተሰማኝ። ሰብለም ከተኛችበት ሳቀችና «እንግዲህ ሐሜቴንም ሊሰሙብኝ ነው!» አለች።

አልፎ አልፎ ድምፁን ቆረጥ እንደሚያደርግ ነግሬህ ነበር። «ትንሽ ነው፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብለህ ሄድክ።

ያቺ ቀን መጣች። ሰብለ እጄን ይዛ ልትናገር አፏን ከፈተች። ማዳመጫው ቋ፣ ቋ አለና ጸጥ። ድምፅ ሲመለስ የሰማሁት የጎረቤታችንን የሐረገ ወይንን ዋይታ ነው። ሰብለ ዐርፋ ነበር።

ለቅሶው ላይ ምን ሆኖ ነው ብልህ በጆሮዬ ጮኸህ ነገርከኝ። ፕሮግራሙ ድምፁን በሚያሳልፍበት መሃል ማስቀመጫ ቦታ ስጠኝ እያለ ስልኩን ይለምናል። ስልኩ ሌላ ሥራ ከያዘ ቆይ ይለዋል። ድምፅ ግን ቆይ ቢሉት አይቆይም፣ ያልፋል። «ቦታውን ሁሉ አስቀድሜ መያዝ ነበረብኝ። አውድማውን በእበት ሳልለቀልቅ ነዶ አመጣሁ፣ አባዬ» አልክ። በሬው እየዞረ እበት ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ከእኔ ቤት ይወጣል አላልኩም ነበር። በሰው ፊት «የእናትህን ቃል በላህ» አልኩህ። ዛሬም አልመልሰውም። አንተም ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጥክም።

ያስተካከልከውን ስልክ ከነማዳመጫው በሚኒባስ ሾፌሩ በሀብቴ እጅ ላክህልኝ። ጥግ ላይ ጥዬው ሰነበተ። ትናንት ማዳመጫውን አደረግሁት። አይቆረጥም። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የበሬው ማመንዠክ፣ የራሴ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ሌላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማ የለም።

ሐረገ ወይን ልትጠይቀኝ መጥታ «አያ ወርቅነህ፣ ሰብለ ያለችውን እኔ ሰምቻለሁ። ልንገርዎት?» አለች።

«ዝም በይ!» አልኳት።

«እንዲህ ያለ ግትር! ይዤው ልሙት እንዴ?» ብላ ተቆጥታ ወጣች።

ማንም አይስማብኝ እንጂ ፈርቼ ነው። እናትህ አንተን ጠርታ እንደሆነ ብቻዬን ሰምቼ የት አደርሰዋለሁ?

ተዝካሯ ደርሷል። አርብ ገበያ ላይ አህያዋን ይዤ እጠብቅሃለሁ። ማዳመጫውን አንተው ታደርግልኛለህ፣ ሐረገ ወይንም በመካከላችን ትቀመጣለች። አንተ እስክትመጣ ቃሉን እንድትነግረኝ አልፈቅድላትም።

አባትህ ወርቅነህ