የነፊሳ ቀኝ እጅ

ይድረስ በባሕር ዳርቻ ሙቀት ለሚደክሙልን፣ ከዓይኔ ርቀው ከልቤ ላልራቁት ለአባቴ ለአቶ ከሊፋ፤ አሰብ።

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ። ከተለያየን ጀምሮ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? የአሰብ ሙቀትስ ትንሽ በረደልዎት ወይ? ለድርቁ እህል የጫኑ መርከቦች ስለበዙ ሥራው ፋታ እንደማይሰጥዎ ሾፌሩ ጋሽ አብዱልሃሚድ ነግረውናል። ከስተዋል ቢሉን እማዬ በዚያው ቀን ለበሶ የሚሆን ገብስ መቁላት ጀመረች። አሏህ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርዎ።

እኛ በሕይወት አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህ ቀጥዬ «ሁላችንም ደህና ነን፣ ሐሳብ አይግባዎ» ብዬ እጽፍልዎ ነበር። ዛሬ ግን ብዕሩ እምቢ አለኝ። እንደ ወትሮው እማዬ በጎኔ ተቀምጣ እየነገረችኝ አይደለም የምጽፈው። «የሠራሽውን ራስሽ ጻፊለት፤ እኔ ቃል የለኝም» ብላ ወደ ገበያዋ ሄዳለች።

በጥቅምት በፈቃድ መጥተው ሳለ፣ የፈላ ሻይ የነበረበት ማንቆርቆሪያ በትንሿ እህቴ በነፊሳ ቀኝ እጅ ላይ ሲደፋ፣ አቅፈዋት እስከ ሐኪም ቤት የሮጡት አሁንም ይታየኛል። ሲስተሯ ለሁለታችን ያሳየችንንም አልረሳሁም። ጣቶቿን በየተራ በቫዝሊን አሽቶ መዘርጋት፣ ሃያ እስኪቆጠር ይዞ መቆየት፣ እያንዳንዱን ጣት አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። «ታለቅሳለች፤ ብታለቅስም እንዳትተዉ» ነበር ያለችን። እርስዎም የተሣፈሩ ዕለት «ዘሀራ፣ እናትሽ ገበያ ናት የምትውለው፤ ይህችን እጅ ላንቺ ሰጥቼሻለሁ፤ አደራ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። አባባ፣ አደራዎን በልቻለሁ።

የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ሠርቻለሁ፤ ወላሂ አልዋሽዎትም። ነፊሳ የቫዝሊኑን ቆርቆሮ ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። እግሯን ይዤ እጎትታታለሁ፤ ትነክሰኛለች። ጩኸቷ ግቢውን ስለሚያዳርስ ጎረቤታችን እትዬ ደሚቱ በራችን ላይ ቆመው «አንቺ ልጅ፣ ምን ዓይነት አንጀት ነው ፈጣሪ የሰጠሽ? ዶሮ እንኳ ስትታረድ እንዲህ አትጮህም!» ይሉኛል። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ያውቃሉ፤ አንገቴን ደፍቼ ሃያዬን እቆጥራለሁ። ሃያ ሲሞላ እንደገና ከአንድ። ለቅሶዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር ይሆናል። መሰልቸቴንም ልደብቅዎ አልፈልግም። ጣቱም ያው ጣት፣ ቁጥሩም ያው ቁጥር ነው። አንዳንዴ አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ሐሳቤ ሜክሲኮ ሱቅ መስኮት ላይ ካየሁት ቀሚስ ጋር ይሄዳል፤ የቱ ጋ እንደነበርኩ ሲጠፋኝ ሃያ ብዬ እዘጋዋለሁ።

አንድ ቀን እትዬ ደሚቱ ለጋ ቅቤና የታጠበ የነጠላ ቁራጭ ይዘው መጡ። «ቁስል ካልነካኩት ራሱ መዳን ያውቃል። እጇን ጨበጥ አድርገሽ እሰሪላት፤ እሷም ትረፍ፣ አንቺም ትረፊ» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት፤ እሳቸውን እንዳይወቅሱብኝ። የሲስተሯን ቃል እያስታወስኩ ጨብጬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ነፊሳ ከስንት ጊዜ በኋላ ብብቴ ውስጥ ገብታ ተኛች። እስትንፋሷ አንገቴን ሲነካኝ የምሆነውን አጣሁ። በነጋታው ፈትቼ ልሠራላት አስቤ፣ መልሳ አልጋ ሥር እንዳትገባብኝ ፈራሁ። እማዬ ከገበያ ስትመጣ «ሠራሽላት?» ትለኛለች፤ «አዎ» እላለሁ። ጨርቁንም ቁስሉ እንዳይቆሽሽ ነው አልኳት። ሁለት ወር እንዲህ «አዎ» ስል ኖርኩ።

ቅቤውን ልቀይር ስፈታው ቁስሉ እየደረቀ፣ አዲስ ቆዳ እያወጣ ነበር። እትዬ ደሚቱ «አላልኩሽም?» ብለው እልል አሉ። እኔም ደግ የሠራሁ መሰለኝ። ለካ ቆዳው ጣቶቿን ከመዳፏ ጋር አብሮ ይዟቸው ነበር።

በጥር መጨረሻ ቀጠሮዋ ደረሰና ከእማዬ ጋር ወሰድናት። ሲስተሯ ጨርቁን ፈትታ ጣቶቿን ልትዘረጋ ሞከረች። አልተዘረጉም። «ማነው እንዲህ ጨብጦ ያሰረው?» አለች። ቀጥላም ለእማዬ «ቁስሉማ ድኗል፤ የተጎዳው እጇ ነው» አለቻት። እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ነፊሳን አዝላ እስከ ጌጃ ሰፈር ከፊት ከፊቴ ሄደች፤ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችኝም።

አሁን ነፊሳ በግራዋ ነው የምትበላው። እማዬ «በቀኝሽ!» ብላ ልትቆጣ ትጀምርና መሃል ላይ ታቆመዋለች። የሰፈሩ ልጆች «ቦክሰኛዋ መጣች፣ ሽሹ!» ይሏታል። እሷ ጨዋታ መስሏት ጡጫዋን አንስታ እየሳቀች ታባርራቸዋለች። እኔ ደጃፍ ቆሜ ማየቱን ስላልቻልኩ ወደ ውስጥ እገባለሁ።

ከሐኪም ቤቱ ቀን ጀምሮ ጣቶቿን መዘርጋቱን መልሼ ይዤዋለሁ። ሃያ የነበረው ስልሳ ሆኗል፤ ሕመሙም ከበፊቱ ይብሳል። እትዬ ደሚቱ ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ፤ አሁን ነፊሳን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ተከፍተዋል። መሃል ጣቷ እስከ ግማሽ ይመጣል። የቀሩት ሁለቱ ግን መዳፏ ላይ እንደተጣበቁ ናቸው፤ ስታድግ በቀዶ ጥገና ይሞከር ይሆናል ብላለች ሲስተሯ፣ እሱም እኛ ሳናቋርጥ ከሠራን ነው። ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። አሁን በሳምንት የሚገኘው ለውጥ የጤፍ ፍሬ አያህልም፤ ባለፈው ሳምንት እሱም አልነበረም። አሁንም ይሰለቸኛል አባባ። ካጠፋሁ ወዲህ መሰልቸቱ የሚተወኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተወኝም። ግን ቁጥር አልዘልም። ሐሳቤ ሲሄድብኝ ከአንድ እጀምራለሁ።

ለእማዬ «አዝኜላት ነው» ብያታለሁ። ብቻዬን ሆኜ ሳስበው ግን እሱ ብቻ አይደለም። እንዳትጠላኝ ብዬ ነው። እጇን ሰጥቼ ፍቅሯን ገዛሁ፤ አሁን እሱም የለኝም። ከእማዬ ጋር ነው የምትተኛው፤ ስጠራት አትመጣም።

እማዬ ገበያዋን ትታ ራሷ ልትሠራላት ታስባለች። ይህን አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ እሺ እንዳይሏት። ገበያውን ከተወችው ቤታችን አይቆምም። ደግሞ ነፊሳ የምትሸሸው ሰው መኖሩ ካልቀረ እኔው ልሁን፤ እናቷን አትሽሽ። አደራውን አይውሰዱብኝ። ይቅርታ ዛሬ አልጠይቅዎትም፤ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

እማዬ ሰላም ብላዎታለች፤ ለእርስዎ ያዘጋጀችውን በሶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጋሽ አብዱልሃሚድ ያደርሱልዎታል። ወንድሜ ሳኒ ከክፍሉ ሰባተኛ ወጥቷል፤ «ቃል የገባህልኝን ኳስ እንዳትረሳ በይልኝ» ይላል። እትዬ ደሚቱ እያለቀሱ «ስለ እኔም ይቅር ይበሉኝ» ብለዋል። ነፊሳን ዛሬ ጠዋት «ለአባባ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» ብላት፣ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ሆና «ዘሀራን ወደዚያ ውሰዳትና አንተ እዚህ ና በይው» አለችኝ። ያለችውን ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ።

ልጅዎ ዘሀራ ከሊፋ
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
የካቲት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.