ዋጋው እስኪወርድ

ሰኔ 28

ዝናብ። ጭቃ። አጠና ተራ ውስጥ ከእኛ ከነጋዴዎቹ በቀር ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ውዬ የሸጥኩት ለአጥር የሚሆን ጥቂት ቀጫጭን ብቻ... ድሮ እዚህ ኮልፌ ፎቅ ሲሠራ መወጣጫው በሙሉ የእኛ ባሕር ዛፍ ነበር። አሁን ብረት ተከራይተው ይሠራሉ። ብረቱ አይሰበርም፣ አይበሰብስም፣ አንዱን ሕንፃ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። እኛስ ወዴት እንሄዳለን?

ደግፌ ከሆለታ ጭኖ ገባ። ከአይሱዙው የወረደው ወገቡን ይዞ ነው። "ሰብሊ፣ ከዚህ በኋላ ብነዳ ሁለት ዓመት ነው" አለኝ። ባል እንዲህ ሲል ምን ይባላል? እራት አቀረብኩለት።

አማኑ ብቅ ብሎ ነበር፤ የእህቴ ልጅ። የአክሲዮን ገዢና ሻጭ የሚያገናኝ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ከረባት ማሰር ጀምሯል። የጮራ ባንክ አክሲዮን እየወረደ ነው አለ። አምና አንድ ሺህ ሦስት መቶ የነበረው አሁን ዘጠኝ መቶ አርባ።

"ባንኩ ምን ሆነ?"

"ባንኩ ደህና ነው አክስቴ። ሰዉ ደንግጦ ነው። አንዱ ሲሸጥ ሌላው ይከተላል።"

በየዓመቱ ትርፍ ያካፍላል ይላል። ጭቃ ሳይረገጥ የሚመጣ ገንዘብ... ደግፌ መንዳት ሲያቆም፣ እኔም አጠናው ሲቀርብኝ የምንበላው እሱን ነው። ዕቁቤ ሲደርሰኝ እገዛለሁ። ጨርሻለሁ።

ሐምሌ 6

እሑድ፣ ዕቁብ። ለእኔ አልወጣም። አክሲዮኑ ዘጠኝ መቶ አስር ገብቷል። ባይወጣልኝም አልከፋኝም።

ሐምሌ 9

ጦር ኃይሎች አካባቢ ከአማኑ ጋር ሻይ ጠጣን። የሚነግረኝ ሁሉ አንድ ነው። "አክስቴ፣ መጨረሻውን ዋጋ ማንም አያውቀውም። ከፋፍለሽ ግዢ። አሁን ትንሽ፣ በወሩ ደግሞ ትንሽ።"

"አንተ አጠና ገዝተህ ታውቃለህ?" አልኩት። ሳቀ።

አስረዳሁት። ክረምት ሲገባ ግንባታ ይቀዘቅዛል፣ ዋጋ መውረድ ይጀምራል። ሞኝ ሐምሌ ላይ ረከሰ ብሎ ይገዛል። የሚያውቅ ይጠብቃል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሻጩ ራሱ እየለመነ ያመጣለታል። ያኔ ገዝቶ፣ ቆልሎ፣ ጥቅምትን መጠበቅ ነው። በዚህ ነገር አንድም ዓመት ተሳስቼ አላውቅም።

"ይሄ እንጨት አይደለም እኮ። ባንክ ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው። የትርፉ ወሬ ከተሰማ ክረምት ነው በጋ ነው አይልም።"

ልጅ ነው። የደነገጠ ሰው እንጨት ሸጠ፣ ወረቀት ሸጠ፣ ያው ሰው ነው።

ሐምሌ 13

ወጣልኝ! አቶ ተክለሃይማኖት፣ ዳኛችን፣ የተጠቀለለችውን ብጣሽ ወረቀት ፈተው "ሰብሌ" ሲሉ ልቤ ዘለለ። ወዲያው ግን ጋሽ ገብረወልድ ተነሳ። ከእኔ መደብር ሦስት በር አልፎ ሚስማርና ሽቦ የሚሸጠው። በእኛ ዕቁብ የቸገረው ሰው ዕጣ የወጣለትን በሁሉ ፊት መለመን ይችላል። የወጣለት ከፈቀደ ይለቅለታል፤ በምትኩ የለማኙ ስም ሲወጣ ይወስዳል። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። ሚስቱ ምህረት ማህፀኗ ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባታል፤ ካልተቀደደች...

ሁሉም እኔን ያያል። እኔ ምን አሰብኩ? ለማንም ስለማላሳየው ልጻፈው። አሁን ሐምሌ ነው ብዬ አሰብኩ። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል? ቤት ከገባ ደግፌ ለአይሱዙው ካምቢዮ ይለዋል። ዕጣ ያልወጣልን ደግሞ ጥቂት ነን፤ የገብረወልድም ስም ቢዘገይ እስከ መስከረም ይወጣል። እሱ ጋ ይቀመጥልኝ... በዚህ መሀል "ለቅቄያለሁ" የሚለው ድምፄ ተሰማኝ።

እልልታው! አቶ ተክለሃይማኖት ቆመው መረቁኝ። ደግፌ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየሁት። ሃያ ዓመት "ቋጣሪ" እያለ ሲያሾፍብኝ የኖረ ሰው ታክሲ ላይ እጄን ያዘ።

ሐምሌ 20

ስምንት መቶ ሰባ። እንዳልኩት ነው።

ተራው በሙሉ ሰላምታው ተለውጧል። የማላውቃቸው ሴቶች ጉንጬን ይስማሉ። ደግፌማ ዕድር ላይ ሳይቀር አውርቶታል። "የእኔ ሚስት" እያለ... ዝም ብዬ መሬት መሬት አያለሁ፣ ትሕትና ይመስላቸዋል። ይሄ ምርቃት ለምን ይከብደኛል? የሰጠሁት እውነተኛ ገንዘብ አይደለም እንዴ?

ሐምሌ 27

የምህረት ቀዶ ጥገና ተራዘመ። የሚቀድዳት ሐኪም ውጭ አገር ሄዷል፤ እስከ መስከረም አይመለስም አሏቸው። ጋሽ ገብረወልድ ሲነግረኝ "አይዞዎት" አልኩት። ሌላ ነገር አላሰብኩም ነበር። ያኔ።

ነሐሴ 3

ስምንት መቶ። አማኑ ደወለ፤ ድምፁ ቸኩሏል። "አክስቴ ይበቃል። ትልልቆቹ መግዛት ጀምረዋል። የትርፉ ወሬ ሊወጣ ነው መሰለኝ። ካለሽ አሁን ግዢ።"

ካለሽ...

የለኝም። አለኝ እንጂ የለኝም። ገንዘቤ ገብረወልድ ሒሳብ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እስከ መስከረም ምንም አይሠራም።

ነሐሴ 5

ጾም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስብ የዋልኩት ይህንኑ ነው። ለሦስት ሳምንት ብበደረው... አጠናውን ሸጬ እመልሳለሁ። በነሐሴ አጠና የሚገዛ ማን አለ? አውቃለሁ እኮ። እያወቅሁ ነው የማስበው።

ነሐሴ 6

ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ቁልቁል ወደ ቤታቸው። ምህረት ጋቢ ለብሳ ተኝታለች። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። እጄን ይዛ ሳመችው። እጄን መንጠቅ አማረኝ፤ አልነጠቅኩም። ብርቱካን ላጥኩላት። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወትን።

ጋሽ ገብረወልድ እስከ በር ሸኘኝ። የመጣሁበትን እዚያ አወጣሁት።

"ጋሽ ገብረወልድ፣ ቀጠሮው እስከ መስከረም ከሆነ... ገንዘቡን ለጊዜው..."

አልጨረስኩትም። ገባው። ትንሽ የበሩን መወርወሪያ ሲነካካ ቆየ።

"ቸግሮሽ ነው?"

"አዎ" አልኩ። አልቸገረኝም።

"እንግዲህ ያንቺ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ባንክ እንገናኝ።" ከዚያ ደግሞ "ስለመጣሽ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደስ ብሏታል" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 7

ቀድሞኝ ደርሷል። ኮት ለብሷል። የማውጫውን ወረቀት ሞልቶ ፈርሞበታል። ሰልፉ ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ከፊታችን ሁለት ሰው ሲቀር ስልኩ ጮኸ። ከሆስፒታሉ ነው። ሐኪሙ ሳይጠበቅ ተመልሷል። አልጋ አለ። ዛሬ ከፍላችሁ ካልገባች ተራው ለሌላ ሰው ነው።

ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና አየኝ።

"ሰብሌ፣ ምን ልበላቸው?"

የሚስቱን ነገር እኔን ጠየቀኝ። ገንዘቡ የእኔ ነው ብሎ ስላመነ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ... ስምንት መቶ ነው ያልኩት በልቤ። ዛሬ ስምንት መቶ ነው፣ ነገ አይገኝም። መስኮቱን አየሁ። ወረቀቱን አየሁ። ከኋላችን ያለችው ሴት "ጠጋ በሉ እንጂ" ስትል ሰማሁ።

"ይሂዱ" አልኩት። "ይሂዱ፣ ይክፈሉ።"

ሮጠ። ኮቱን እንደለበሰ በጭቃው ሮጠ። እኔ እዚያው ሰልፉ ላይ ቀረሁ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ፣ መስኮቱ ጋ እስክደርስ ድረስ።

ነሐሴ 9

ተቀደደች። ነቅታለች አሉ።

ነሐሴ 14

የትርፉ ወሬ ወጣ። አማኑ እንዳለው ነው። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። እኔ ነሐሴ መጨረሻን ስጠብቅ... ልጅ ነው ያልኩት ልጅ! አጠናው ላይ ቁጭ ብዬ በራሴ ሳቅሁ። ሳቁ አላማረም።

ነሐሴ 21

አንድ ሺህ ዘጠና።

ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬ መጣ፤ የሽንኩርት አልነበረም። ደግፌ ትከሻዬን ያዘና "ምህረት ድናለች እኮ፣ ምን ያስለቅስሻል? አንቺ ሆድሽ ባባ" አለኝ። ከልቡ ነው የሚያዝንልኝ። እኔ የማለቅሰው ለአክሲዮን ነው። ለአክሲዮን ብቻ ነው? አላውቅም። እሱ እንደዚህ ባየኝ ቁጥር የምሰርቀው ይመስለኛል።

መስከረም 4

ምህረት ዕቁቡ ድረስ መጣች፤ ከስታ፣ ግን በእግሯ። ጋሽ ገብረወልድ ተነስቶ በሁሉ ፊት አመሰገነኝ። ዳግመኛ እልልታ። ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አላነሳም።

ሲበተን ተከትዬው ወጣሁ። "ጋሽ ገብረወልድ፣ ያን ቀን ያደረግሁትን... ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ምን አደረግሽ? ይሂዱ ብለሻል እኮ።" ባርኔጣውን አጠለቀ። "ትንሽ ቆየሽ እንጂ።"

በክፋት አልተናገረውም። እሱ ነው የባሰው።

መስከረም 5

ለደግፌ ነገርኩት። ሁሉንም። ዕጣውን ለምን እንደለቀቅሁ፣ ብርቱካኑን፣ ባንኩን። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሰማኝ።

"ስልኩ ባይደወልስ ኖሮ?" አለ።

"ወስጄው ነበር።"

"በየቦታው ያወራሁትስ?" አለኝ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

መስከረም 9

"ቁልፉ የት ነው?" "ገበታው ላይ።" የዛሬው ወሬያችን በሙሉ ይኸው ነው።

መስከረም 14

ደግፌ ጭነት አራግፎ ሲመጣ ጋሽ ገብረወልድ ጋ ገብቶ ሻይ ሲጠጣ አየሁት። ምን እንዳወሩ አልነገረኝም። ማታ ግን ወገቡን እንዳሸው ጠራኝ። አሸሁት። "ባትነግሪኝ ኖሮ መቼም አላውቅም ነበር" አለ። መቆጣት ይሁን ሌላ ነገር ከድምፁ መለየት አቃተኝ። እጄ ሲደክም "ተይው፣ በቃሽ" አለኝ። ከነገርኩት ወዲህ የተናገረኝ የመጀመሪያው ለስላሳ ቃል ነው።

መስከረም 18

የገብረወልድ ስም ወጣ። ገንዘቡን አቶ ተክለሃይማኖት ለእኔ ቆጠሩልኝ። ምስጋና የሚያበዛ ሰው እንዳይመጣ ፈርቼ ቶሎ ወጣሁ። ለደግፌ "ካምቢዮው ይቅደም ወይስ አክሲዮኑ?" አልኩት። ካምቢዮው ጥቂት ወራት ይችላል አለ። አብሬሽ እሄዳለሁ ደግሞ አለ።

መስከረም 20

አማኑ ቢሮ፣ ከደግፌ ጋር። ደግፌ የእሑድ ልብሱን ለብሷል፤ ባለሥልጣን ፊት እንደቀረበ ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አክሲዮኑ ባለፈው ሳምንት አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ደርሶ ዛሬ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ነው። አማኑ ስክሪኑን አዞረልን። መስመሩ ወደ ታች ጎንበስ ብሏል። ሐምሌ ላይ ብገዛ ኖሮ... ተውኩት።

"ሲሶውን አሁን፣ የቀረውን በየወሩ" አልኩት። አማኑ መጻፍ ጀመረ። ያኔ ያልኩትን አላስታወሰኝም፤ ጨዋ ልጅ ነው።

ደግፌ ስክሪኑን እያየ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሰብሊ፣ እየወረደ እኮ ነው። ትንሽ ብንጠብቅስ?"

እስክርቢቶውን ከአማኑ እጅ ወሰድኩ።

"አንጠብቅም" አልኩት። "ስጠብቅ ምን እንደምሆን አይቻለሁ።"

ፈረምኩ።