የጋሽ ደገፋ ድምፅ

ሰኞ፣ ጠዋት

ደብተሬ ሆይ፣ ቆመህ ስማ። የስቱዲዮአችን ባለሟል የነበረው ሃርድ ዲስክ፣ ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ዛሬ ጠዋት ከዚህ ዓለም ድካም አርፏል። ሰርግ ለሰርግ ሲዞር ኖሮ ኬክ ያልቀመሰ ምስኪን ነበር። ቀብሩን እህቴ ህይወት ከልክላለች።

ስሰካው ጠጥ ጠጥ ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ «ፎርማት ላድርገው?» ይላል፤ ያለውን ሁሉ ልጥረገው ወይ ማለቱ ነው። እጄ ወደ «አዎ» ሲሄድ ህይወት በማስመሪያ መታችኝ። ከአስረኛ ክፍል ያባረረኝ ማስመሪያ ይኸው እዚህም ተከትሎኝ መጣ።

ሰኞ፣ ከሰዓት

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ መጡ። የባለቤታቸው የጋሽ ደገፋ፣ የቆርቆሮ ሻጩ፣ ሙት ዓመት እሁድ ነው። የልጃቸውን ሰርግ የቀረጽነው እኛ ነን። ቪዲዮው ቤታቸው አለ። ግን እኛ ብልሆቹ፣ እንደ ልማዳችን፣ ምርቃቱ ላይ ዘፈን ጭነንበታል። የጋሽ ደገፋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው የሴት ዘፋኝ ድምፅ ነው።

እትዬ ድምፃቸውን ፈልገዋል። ለእሁድ። ሌላ ቦታ የለም። ሰውዬው ስልክ እንኳ ሰምተው የሚዘጉ ነበሩ። ዘፈን ያልተጫነበት ቅጂ ያለው ሟቹ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው።

እኔ ብሆን «እሁድ ይድረስዎታል» ብዬ ሻይ እጋበዝ ነበር። ህይወት ግን ዲስኩ መታመሙን እቅጩን ነገረቻቸው። እሞክራለሁ፣ ቃል ግን አልገባም አለች። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ማክሰኞ

ይቺ ልጅ ትገርማለች። ዓለም ባንክ ሰፈር ጓደኛዋ ጋ ሄዳ ባዶ ዲስክ ተውሳ መጣች። በሽተኛው ላይ ያለውን በሙሉ፣ ስህተቱንም ጭምር፣ እዚያ ትገለብጣለች። ጥገናው ቅጂው ላይ ነው። ዋናውን ከነካካነው የተረፈውንም እናጣለን ትላለች። በሽተኛውን አስተኝቶ መንታውን የሚያክም ሐኪም አይተህ ታውቃለህ?

መብራት ሄደ። ስትናደድ ላሾፍባት ፊቷን አየሁ። ምንም። ከቆመበት እንዲቀጥል አድርጋ ነው ለካ የጀመረችው። ማሾፊያ አሳጣችኝ።

ሐሙስ

ፋይሎቹ ወጡ። ስማቸው ግን ጠፍቷል፣ ሁሉም ቁጥር ብቻ። የማን ሰርግ እንደሆነ መለየት የኔ ድርሻ ሆነ። የሰፈራችንን የኮልፌን ሰው አፉን ሞልቶ ሲያኝክ በየትኛውም በኩል አውቀዋለሁ። ችግሩ መራቂው ነው፤ ሁሉም ጋቢ፣ ማይክ፣ ሳል።

ህይወት አጠገቤ የተበላሹትን ትጠግናለች። አንዱ አልከፈት ሲል በሌላ መንገድ ትመጣበታለች። ፕሮፌሰር አልኳት፣ ዝም። ዶክተር አልኳት፣ ዝም። «ህዩዬ» ስላት ሳቀች። ዓይኗ ቀልቷል።

ዓርብ

ተገኘ። ምስሉ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ድምፁ ሙሉ። ሮጬ እትዬን ጠራኋቸው።

ጋሽ ደገፋ ማይኩን እንደ ሚስማር በሁለት ጣት ይዘዋል። ዝም አሉ። አሁንም ዝም። ከዚያ፦ «እንግዲህ ምን እላለሁ። ያኑራችሁ። ብሉ፣ ይቀዘቅዛል።»

አለቀ። እትዬ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ራሱ ነው። ቤትም ይኸንኑ ነው የሚለኝ» አሉ። «እስቲ ድገሚው፣ የኔ ልጅ።»

ህይወት ደገመችው። ደግማ ደገመችው። የምቀልደው ነገር ነበረኝ፤ ትቼው ለእትዬ ወንበር አቀረብኩ።

ቅዳሜ

ህይወት ወሰነች፤ ከእንግዲህ ምርቃት ላይ ዘፈን አይጫንም። እኔም ደገፍኩ፣ የሚጠይቀኝ ባይኖርም። ስለ እሷ የጻፍኩትን እንዳታሳያት፣ ትኮራብኛለች።

ደግሞም ደብተሬ፣ በመርዶ ያስነሣሁህ ነገር ሲጨመቅ ትንሽ ናት። አንድ ሰውዬ ሰርግ ላይ ምግብ ይቀዘቅዛል አሉ፣ በቃ። ህይወት ምሳ አቅርባ እየተጣራች ነው። «ና ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ትላለች።