ስለ ግራ ባቴና ስለ ገና ዱላህ

ኪዳነ፣

የደብረ ብርሃን መኪና ሊያመልጠኝ ስለሆነ አሳጥራለሁ። ምስር ወጥ ድስቱ ውስጥ አለ። ጨው አንሶታል፣ አውቃለሁ።

እግሬ ድኗል። ያዳነኝ ግን ያንተ ወጌሻ አይደለም፤ እሱ በቅቤ እያሸ እንዴት እንዳስጮኸኝ ጎረቤት ይመስክር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከመጀመሪያውም «ቀስ እያልክ ተራመድ» ብላኝ ነበር። አንተ «አርፈህ ተኛ» አልክ፣ እኔም ታዛዥ ነኝ። ሻል ሲለኝ እሮጣለሁ፣ ያገረሽብኛል፣ እንደገና እተኛለሁ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንተ ለልቅሶ ወደ ራቤል ስትሄድ ውሃ አለቀ። እያነከስኩ ቦኖ ወርጄ ግማሽ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ። በማግስቱም ወረድኩ፣ በሦስተኛውም ቀን። በሳምንቱ ሕመሙ የት እንደገባ እንጃ።

አንተ ከመጣህ በኋላ ለምን እንዳነከስኩ አትጠይቀኝ። ሻይ አልጋ ድረስ ሲመጣልህ አንተስ ምን ታደርግ ነበር?

አንድ ነገር ቀረ። የገና ዕለት ሜዳ ላይ ስወድቅ «ዱላዬ ነው የመታው» ብለህ ተሸክመህ አመጣኸኝ። ዱላህ አልነካኝም። ሩሯን ተከትዬ ስሮጥ ባቴ በራሱ ጊዜ ቀጭ አለ። ያን ያህል ስትጨነቅልኝ ሳይ ግን ዝም አልኩ። ከዚያ ለመናገር ረፈደ።

ጀሪካኖቹን ሞልቻለሁ። «ሁለተኛ ገና አልጫወትም» ብለህ ጣሪያው ሥር የሸጎጥከውን ዱላም አውርጄ ከወጌሻው የተረፈውን ቅቤ ቀብቼዋለሁ፤ በሩ ጋ ቆሟል።

ሐሙስ እመለሳለሁ። መምታት ካማረህ ቀኙን ይሁንልኝ፣ ግራው አሁን መዳኑ ነው።

አባይነህ